«ዕዳዎን በግማሽ እንቀንሳለን» ሲሉዎት፦ አሜሪካ ውስጥ የሚታመን የዕዳ እርዳታ እንዴት ይገኛል?

«ዕዳህን በግማሽ እንቀንስልሃለን የሚል ድርጅት ደወለልኝ። ልፈርም ወይስ ሌቦች ናቸው?» አሜሪካ ከሚኖሩ ወገኖች ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰናል። ድርጅቱ እውነተኛ መሆኑ የሚታወቀው በስሙ አይደለም። የሚከፈለው መቼ ነው? የሚከፍለው ማን ነው? አንድም ዕዳ ሳይዘጋ ገንዘብ ይወስዳል? እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ብዙውን ያጣራሉ። ከታች ያሉትን ደረጃዎች በቅደም ተከተላቸው ይሂዱባቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ያለፉት 3 ወራት የባንክ ስቴትመንት
- ያለፉት 2 ወራት የደመወዝ ወረቀት (በኡበር ወይም በትራክ የሚሠሩ ከሆነ የገቢና የነዳጅ፣ የኢንሹራንስ፣ የጥገና ወጪ ዝርዝር)
- ያለፈው ዓመት የታክስ ሪተርን
- የእያንዳንዱ ካርድና ብድር የቅርብ ጊዜ ስቴትመንት
- ከዕዳ ሰብሳቢና ከፍርድ ቤት የመጡ ደብዳቤዎች፣ ከነፖስታቸው። ፖስታው ላይ ያለው ቀን በኋላ ማስረጃ ይሆናል።
- ዕቁብ ካለዎት መጠኑ፣ የቀረው ዙር፣ እርስዎ መውሰድ አለመውሰድዎ
- አንድ ደብተር

ለዝግጅቱ ሁለት ምሽት ይበቃል። ከአማካሪ ጋር ለሚደረገው ውይይት ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ይያዙ።

ደረጃ 1፦ የፍርድ ቤት ወረቀት ካለ መጀመሪያ እሱን ይያዙ

ሌላው ሁሉ ሊቆይ ይችላል፤ ይህ ግን አይቆይም። ሜሪላንድ ዲስትሪክት ኮርት ውስጥ የተከሰሱ የስቴቱ ነዋሪ መጥሪያው ከደረሰዎት ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ እንደሚከራከሩ በጽሑፍ ማሳወቅ አለብዎት። ቨርጂኒያ ጄኔራል ዲስትሪክት ኮርት ውስጥ ደግሞ ወረቀቱ ላይ በተጻፈው ቀን መቅረብ ነው። ሌላ ስቴት ከሆኑ ቀኑን ከራሱ ከወረቀቱ ላይ ያንብቡ፣ ካልገባዎት ለፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ይደውሉ።

ይህን የምናስቀድመው ዝም ያለ ሰው በሌለበት ስለሚፈረድበት ነው። ዕዳው የሌላ ሰው ቢሆን ወይም ቀድሞ የተከፈለ ቢሆን እንኳ ያው ነው። ከተፈረደ በኋላ ከሳሹ ከደመወዝዎ በቀጥታ ሊያስቆርጥ ይችላል። በፌዴራል ሕግ ለተራ ዕዳ የሚቆረጠው ከፍተኛው መጠን ከታክስ በኋላ በእጅ ከሚቀረው ደመወዝ 25 በመቶ ነው። የሳምንቱ የተጣራ ደመወዝ ከ217.50 ዶላር በታች ከሆነ በዚህ ሕግ ምንም አይቆረጥም። አንዳንድ ስቴቶች ከዚህ የበለጠ ይከላከላሉ።

ጠበቃ ለመቅጠር አቅም ከሌለዎት በአካባቢዎ ላለው የሊጋል ኤይድ (ነጻ የሕግ እርዳታ) ቢሮ ይደውሉ። በፌዴራል ገንዘብ የሚሠሩት ቢሮዎች የገቢ ጣሪያቸው በአብዛኛው የድህነት መለኪያው 125 በመቶ ነው። ግሪን ካርድ ያለው፣ ስደተኛ ሆኖ የገባና ጥገኝነት የተሰጠው ሰው ዜጋ ባይሆንም ይስተናገዳል። ስልኩን ሲያነሱ መጀመሪያ «አምሃሪክ ኢንተርፕሬተር ፕሊስ» ይበሉ። ለችሎቱም አስተርጓሚ አስቀድመው ይጠይቁ፤ ልጅዎን አስተርጓሚ አድርገው ይዘው አይሂዱ። ልጅ የሕግ ቃል ይስታል፣ የወላጁን ዕዳ መሸከምም የለበትም።

ደረጃ 2፦ ዕዳዎን በሙሉ በአንድ ገጽ ያስፍሩ

ሦስቱን የክሬዲት ሪፖርቶች (ኢኩፋክስ፣ ኤክስፒሪያን፣ ትራንስዩኒየን) ከ«አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም» ወይም በ1-877-322-8228 ደውለው ያውጡ። በድረ ገጹ በየሳምንቱ በነጻ ይገኛሉ። የክሬዲት ካርድ ቁጥር የሚጠይቅዎት ገጽ ካጋጠመዎት የተሳሳተ ቦታ ገብተዋል።

ደብተሩ ላይ ለእያንዳንዱ ዕዳ እነዚህን ይጻፉ፦ የአበዳሪው ስም፣ አሁን የያዘው ሰብሳቢ ስም፣ ቀሪው ገንዘብ፣ የወለዱ መጠን፣ የወር ክፍያ፣ መጨረሻ የከፈሉበት ቀን፣ ዋስ ካለ ስሙ። «መጨረሻ የከፈሉበት ቀን» የሚለውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ደረጃ 4 ላይ ሁሉም ነገር የሚዞረው ግን በእሱ ላይ ነው።

የዕቁብ ግዴታዎንም ይጻፉ። ዕቁቡን አስቀድመው ከወሰዱ በየወሩ የሚጥሉት ዕዳ ነው። አማካሪው ካላወቀው በወር 500 ዶላር የሚተርፍዎት መስሎት መክፈል የማይችሉትን ዕቅድ ያወጣልዎታል። ለቤተሰብ ወደ አገር ቤት የሚልኩትም እንዲሁ ወጪ ነውና አይደብቁት።

ደረጃ 3፦ ዕዳውን በዓይነቱ ይለዩ

ሁሉንም ዕዳ የሚፈታ አንድ ቢሮ የለም። «ሁሉንም እኛ እንጨርሳለን» የሚል ካለ አብዛኛውን ጊዜ በነጻ የሚገኘውን ነገር ሊሸጥልዎ ነው።

*የቤት ብድር፦* በሃድ (የፌዴራል የቤቶች መሥሪያ ቤት) የተፈቀደለት የቤት አማካሪ በ800-569-4287 ይገኛል። ቤት እንዳይወሰድ የሚሰጠው ምክር ነጻ ነው።

*የመኪና ብድር፦* መኪናው መያዣ ስለሆነ በካርድ ዕዳ ዕቅድ ውስጥ አይገባም። አንድ ክፍያ ከማለፉ በፊት አበዳሪው ጋር ደውለው ክፍያው ወደ ብድሩ መጨረሻ እንዲዛወር ይጠይቁ። መኪናው ከተወሰደ በኋላ የመደራደር አቅምዎ በጣም ይቀንሳል።

*የፌዴራል የተማሪ ብድር፦* የክፍያ ዕቅድ መቀየር ነጻ ነው። ብድሩን ለሚያስተዳድረው ድርጅት ወይም ለፌዴራል ስቱደንት ኤይድ በ1-800-433-3243 ይደውሉ።

*የሆስፒታል ቢል፦* ለትርፍ ያልተቋቋመ ሆስፒታል የገንዘብ እርዳታ ፖሊሲ እንዲኖረው ሕግ ያስገድደዋል። ከሆስፒታሉ ከወጡ በኋላ የመጀመሪያው ቢል ከተላከበት ቀን ጀምሮ እስከ 240 ቀን ማመልከቻዎን መቀበል አለበት። ስለዚህ ቢሉን በክሬዲት ካርድ ከመክፈልዎ በፊት «ፋይናንሺያል አሲስታንስ አፕሊኬሽን» ብለው ይጠይቁ። ወደ ካርድ አንዴ ከዞረ የሆስፒታል ዕዳነቱ ያበቃል፤ ወለድ የሚወልድ የባንክ ዕዳ ይሆናል። እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ ያለምክንያት ሲጎዳ እናያለን።

*የአይአርኤስ ዕዳ፦* የክፍያ ስምምነት ከራሱ ከአይአርኤስ ጋር ይደረጋል። ክርክር ካለ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ግብር ከፋዮች የተቋቋሙ ክሊኒኮች በነጻ ወይም በትንሽ ክፍያ ይቆሙልዎታል።

*ክሬዲት ካርድና መያዣ የሌለው ብድር፦* የሚከተሉት ደረጃዎች በዋናነት ለእነዚህ ናቸው።

ደረጃ 4፦ ሰብሳቢ ሲደውል ሳያጣሩ አንድ ዶላር አይክፈሉ

ዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት መጀመሪያ ባነጋገረዎት በ5 ቀን ውስጥ የዕዳውን ዝርዝር የያዘ ማስታወቂያ ሊልክልዎ ይገባል። ማስታወቂያው ከደረሰዎት በኋላ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ «ይህን ዕዳ እከራከራለሁ፣ ማረጋገጫ ላኩልኝ» ካሉት ማረጋገጫውን እስኪልክ መሰብሰቡን ማቆም አለበት። ደብዳቤውን በሰርቲፋይድ ሜይል ከመቀበያ ደረሰኝ ጋር ይላኩ፣ ቅጂውን ያስቀሩ። በስልክ ብቻ መከራከር ይህን መብት አያስገኝም።

ዕዳው የቆየ ከሆነ ደረጃ 2 ላይ የጻፉትን መጨረሻ የከፈሉበትን ቀን ይዘው ይርጋውን (በዕዳው መክሰስ የሚቻልበትን የጊዜ ገደብ) ያስሉ። በጽሑፍ ለተደረገ ውል ሜሪላንድና ዲሲ 3 ዓመት፣ ቴክሳስና ካሊፎርኒያ 4 ዓመት፣ ቨርጂኒያ 5 ዓመት፣ ዋሽንግተን ስቴት 6 ዓመት ነው። የካርዱ ውል የሌላ ስቴት ሕግ ሊጠቅስ ስለሚችል ስሌቱን በሊጋል ኤይድ ያስጠይቁ። ይርጋው ያለፈበትን ዕዳ ይዞ መክሰስም ሆነ እከሳለሁ ብሎ ማስፈራራት ለሰብሳቢ ክልክል ነው። ይሁን እንጂ በብዙ ስቴቶች 20 ዶላር እንኳ ከከፈሉ ዓመቱ እንደ አዲስ መቁጠር ይጀምራል። «ለመልካም ፈቃድ ትንሽ ጣል ያድርጉ» የሚሉት ለዚህ ነው።

ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊትና ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ (በአሜሪካ አቆጣጠር ከ8 ኤኤም በፊት፣ ከ9 ፒኤም በኋላ) መደወል አይፈቀድላቸውም። ለአንድ ዕዳ በ7 ቀን ውስጥ ከ7 ጊዜ በላይ መደወልም ደንቡን መጣስ ነው። «ፖሊስ እንልካለን»፣ «ከአገር ትባረራለህ» የሚል ድምፅ ከሰሙ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፈው ስልኩን ይዝጉ። የካርድ ዕዳ ወንጀል አይደለም፣ ከአገር ለማስወጣትም ምክንያት አይሆንም። እስር ቤት ሊያደርስ የሚችለው ፍርድ ቤት «ቅረብ» ብሎ ያዘዘዎትን መተው ነው፤ ስለዚህ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ከመጣ ሁልጊዜ ይቅረቡ።

ደረጃ 5፦ ሁለት ወይም ሦስት አማካሪ ድርጅት ይምረጡ

እርስዎ ፈልገው ይደውሉ። ደውሎ ያገኘዎትን ወይም በፌስቡክና በቲክቶክ ማስታወቂያ የመጣውን አይውሰዱ። «የመንግሥት የክሬዲት ካርድ ዕዳ ስረዛ ፕሮግራም» የሚባል ነገር የለም።

የሚጀምሩባቸው ቦታዎች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ናሽናል ፋውንዴሽን ፎር ክሬዲት ካውንስሊንግ ነው፤ በ1-800-388-2227 ሲደውሉ አባል ከሆነ ድርጅት ጋር ያገናኝዎታል። ሁለተኛው ፋይናንሺያል ካውንስሊንግ አሶሴሽን ኦፍ አሜሪካ ነው። ሦስተኛው የፍትሕ ሚኒስቴር የዩኤስ ትረስቲ ፕሮግራም በድረ ገጹ ላይ የሚያወጣው የተፈቀደላቸው አማካሪዎች ዝርዝር ነው።

ከዚያ ሁለት ማጣሪያ ያድርጉ። የድርጅቱ ስም በአይአርኤስ ከታክስ ነጻ ድርጅቶች መፈለጊያ ላይ መኖሩን ይዩ፤ በስቴትዎ አቃቤ ሕግ ወይም የፋይናንስ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ፈቃድና ቅሬታ እንዳለበት ይጠይቁ። «ለትርፍ ያልቆምን ነን» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም፤ በዚያ ስም ከፍተኛ ክፍያ የሚወስዱ አሉ።

የአገር ልጅ መሆንም ማረጋገጫ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድ ወይም በሱቅ የሚታወቅ ሰው «ቅጹን እኔ እሞላልሃለሁ» ቢልዎት በደግነት ሊሆን ይችላል፤ ግን ፈቃድ ከሌለው ሲሳሳት የሚጠየቅለት የለም፣ ዕዳውም ቅጣቱም በእርስዎ ስም ይቀራል። እንዲተረጉምልዎት ይጠይቁት፣ እንዲወስንልዎት ግን አይስጡት።

ደረጃ 6፦ በስልክ ይፈትኗቸው

እነዚህን ጥያቄዎች ለሁሉም ይጠይቁ፣ መልሱን በስማቸው ስር ይጻፉ።

1. *«የመጀመሪያው ምክክር ስንት ነው?»* ጥሩ ድርጅት ነጻ ይላል ወይም ትንሽ ገንዘብ ጠይቆ መክፈል ለማይችል እንደሚተው ይናገራል።
2. *«ዕቅድ ከጀመርኩ በወር ስንት ታስከፍላላችሁ?»* ለዕዳ አስተዳደር ዕቅድ (አማካሪው ከአበዳሪዎች ጋር ወለድ አስቀንሶ ዕዳውን በሙሉ በየወሩ በእሱ በኩል የሚከፍሉበት ዕቅድ) የተለመደው በወር ከ25 እስከ 50 ዶላር ነው። ቁጥር ለመናገር ካመነቱ ይተዉአቸው።
3. *«ለአበዳሪዎቼ መክፈል አቁም ትሉኛላችሁ?»* «አዎ» ካሉ ያነጋገሩት የዕዳ ድርድር ድርጅት (ዴት ሴትልመንት) ነው። የክሬዲት ካውንስሊንግ ድርጅት እንዲህ አይልም።
4. *«አንድም ዕዳ ሳይዘጋ ገንዘብ ትወስዳላችሁ?»* ከ2010 ጀምሮ በስልክ የሚሸጥ የዕዳ ድርድር አገልግሎት ቢያንስ አንድ ዕዳ ተስማምቶ እርስዎም በስምምነቱ አንድ ክፍያ እስኪፈጽሙ ድረስ ክፍያ መውሰድ በፌዴራል ደንብ ክልክል ነው። ደንቡ ፊት ለፊት ተገናኝተው የተፈራረሙትን ላይሸፍን ይችላል፤ ኖታሪ ቤትዎ ድረስ ልከው ሊያስፈርሙ ከፈለጉ ምክንያቱን ይጠርጥሩ።
5. *«ገቢና ወጪዬን ሳታዩ ዕቅድ ታቀርባላችሁ?»* በ10 ደቂቃ መልስ የሚሰጥ ሰው ሻጭ ነው። አማካሪ በጀትዎን መስመር በመስመር ይጠይቃል፤ ስለዚህ ብዙ ቢጠይቁዎት አይከፉ።
6. *«ውሉን ልኩልኝና አስተርጉሜ ልመለስ?»* «ዛሬ ካልፈረሙ ዕድሉ ያልፋል» የሚል መልስ ለመተው በቂ ምክንያት ነው።
7. *«አማርኛ አስተርጓሚ አላችሁ?»* ብዙዎች በስልክ የአስተርጓሚ መስመር ይጠቀማሉ። አስቀድመው ያስይዙ።

ደረጃ 7፦ ስሌቱን በራስዎ እጅ ይሥሩ

ለምሳሌ በ24 በመቶ ወለድ 12,000 ዶላር የካርድ ዕዳ ይውሰዱ። የመጀመሪያው ወር ወለድ ብቻ 240 ዶላር ነው። በወር 250 ከከፈሉ ከዋናው ዕዳ የሚቀነሰው 10 ዶላር ነው።

ራስዎ በ48 ወር ለመጨረስ በወር ወደ 391 ዶላር፣ በድምሩ ወደ 18,780 ዶላር ይወጣል። በዕዳ አስተዳደር ዕቅድ ወለዱ ወደ 8 በመቶ ቢወርድ በወር 293፣ ከ30 ዶላር የአገልግሎት ክፍያ ጋር 323፣ በድምሩ ወደ 15,500 ይሆናል። ካርዶቹ ይዘጋሉ፣ ዕቅዱም ከ3 እስከ 5 ዓመት ይወስዳል።

በድርድር ድርጅት ደግሞ ክፍያ ሲያቆሙ ዕዳው በቅጣትና በወለድ ወደ 14,500 ያድጋል እንበል። በግማሽ ቢስማሙ 7,250 ይከፍላሉ። የድርጅቱ ክፍያ ከተመዘገበው ዕዳ 25 በመቶ ከሆነ 3,000 ይጨመራል። የተሰረዘልዎት 7,250 ዶላር ደግሞ ለታክስ እንደ ገቢ ሊቆጠር ይችላል፤ 600 ዶላርና ከዚያ በላይ ሲሰረዝ አበዳሪው 1099-ሲ የተባለውን ቅጽ ይልካል። በ12 በመቶ ታክስ 870 ዶላር ነው። ድምሩ 11,120።

በወረቀት ላይ ይህ ይረክሳል፣ የሚሸጠውም ለዚህ ነው። ስሌቱ የማያሳየው ግን ማንም አበዳሪ ለመደራደር እንደማይገደድ ነው። ገንዘቡ እስኪጠራቀም ከሚያልፉት ወራት በአንዱ ሊከሰሱ ይችላሉ፤ ያኔ ድርጅቱ ፍርድ ቤት አይቆምልዎትም። ዕዳ በተሰረዘበት ጊዜ ከንብረትዎ ዕዳዎ ይበልጥ ከነበረ በፎርም 982 ታክሱን ማስቀነስ ይቻላል፤ ለታክስ ሠሪዎ ይንገሩ።

ደረጃ 8፦ ከፈረሙ በኋላ 90 ቀን በቅርብ ይከታተሉ

እያንዳንዱ አበዳሪ ዕቅዱን መቀበሉን በጽሑፍ እስኪያዩ ድረስ ለካርዶቹ በቀጥታ መክፈልዎን ይቀጥሉ። አማካሪው ሐሳቡን ልኮ አበዳሪው እስኪመልስ ሳምንታት ሊያልፉ ይችላሉ፤ በዚያ መሃል ያለፈ ክፍያ በስምዎ ይመዘገባል። በየወሩ የካርዱን ስቴትመንት ከፍተው ገንዘቡ መድረሱንና ወለዱ መውረዱን ይመልከቱ። ካልወረደ በዚያው ሳምንት ይደውሉ።

ባንክራፕሲ የሚሻልበት ጊዜ

በጀትዎ በ5 ዓመትም ዕዳውን የማይሸከም ከሆነ ጥሩ አማካሪ ወደ ባንክራፕሲ (በፍርድ ቤት በኩል ከዕዳ የሚገላገሉበት ሂደት) ጠበቃ ይመራዎታል። ከማስገባትዎ በፊት ባሉት 180 ቀናት ውስጥ ከተፈቀደለት ድርጅት ምክክር መውሰድ ግዴታ ነው። ቻፕተር 7 (ዕዳ የሚሰረዝበት) የፍርድ ቤት ክፍያው 338 ዶላር፣ ቻፕተር 13 (በዕቅድ በየወሩ የሚከፈልበት) ደግሞ 313 ዶላር ነው፤ የጠበቃው ለብቻ ነው። በእኛ ሰዎች ዘንድ ነገር የሚበላሸው በሦስት ነጥቦች ነው።

አገር ቤት ያለ ቤት፣ ኮንዶሚኒየም ወይም መሬት በስምዎ ከሆነ መዝገቡ ላይ መጻፍ አለበት። ንብረት የትም ይሁን ይቆጠራል፤ መደበቅ ወንጀል ነው። ለእህት፣ ለወንድም ወይም ለወላጅ ባለፈው 1 ዓመት ውስጥ የመለሱትን ብድር ትረስቲው (የባንክራፕሲ መዝገብዎን የሚያስተዳድረው ሰው) ከእነሱ ሊያስመልስ ይችላል። ያልወሰዱት ዕቁብም ሀብት፣ የወሰዱትም ዕዳ ነው፤ ሁለቱንም ለጠበቃው ይንገሩ። በተጨማሪ ቻፕተር 7 የእርስዎን ዕዳ ሲሰርዝ ዋስ የሆነልዎትን ሰው ነጻ አያወጣውም።

ማስጠንቀቂያ

- በጊፍት ካርድ፣ በክሪፕቶ ወይም በዜል «የመመዝገቢያ» ክፍያ የሚጠይቅ ሁሉ አጭበርባሪ ነው።
- የባንክ የመግቢያ ቃልዎንና ሰፊ ውክልና አይስጡ።
- አዲስ ማንነት ወይም አዲስ የክሬዲት ቁጥር እናወጣልዎታለን የሚል ወንጀል ውስጥ ያስገባዎታል።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስሕተቶች

- የጡረታ ቁጠባን (401 ኬ) አውጥቶ ካርድ መክፈል። ታክስና ቅጣት አለው፤ ባንክራፕሲ ቢመጣ ግን ያ ገንዘብ በአብዛኛው አይነካም ነበር።
- ካርድ ለመዝጋት ሁለተኛ ዕቁብ ገብቶ የመጀመሪያውን መጣያ ማዘግየት።
- ለሚጮኸው ሰብሳቢ ከፍሎ የቤት ኪራይ መተው። መጀመሪያ ቤት፣ ምግብ፣ መብራት፣ ወደ ሥራ የሚያደርስ መኪና።
- የስልክ ስምምነትን በጽሑፍ ሳይቀበሉ መክፈል።

ቀድመው መጥፎ ድርጅት ጋር ከፈረሙ

በስልክ ገብተው የተመዘገቡ ከሆነ በየወሩ ያጠራቀሙት ገንዘብ የእርስዎ ነው፤ ያለ ቅጣት መውጣት ይችላሉ፣ ቀሪውም በ7 የሥራ ቀን ውስጥ ሊመለስልዎ ይገባል። መውጣትዎን በሰርቲፋይድ ሜይል ይጻፉ። በዚያው ቀን ባንክዎ ጋር ሄደው አውቶማቲክ ክፍያውን ያስቁሙ፤ ቀጣዩ ከመቆረጡ ቢያንስ 3 የሥራ ቀን ቀድመው ቢያሳውቁ ይሻላል። ከዚያ ለስቴትዎ አቃቤ ሕግ ቅሬታ ያስገቡ፣ የትኛው አበዳሪ ስንት ወር እንዳልተከፈለው ይዘው በደረጃ 5 ለተገኘው አማካሪ ይደውሉ።